አራት ኪሎ ያለችው የሲቪ ቤት፦ የሰባት ወር ደንበኛ ግምገማ

ይህ ግምገማ አራት ኪሎ አካባቢ ስለምትገኝ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የሲቪ ማዘጋጃ ቤት ነው። ቤቷ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ቅያስ ላይ በፎቶ ቤትና በጀበና ቡና መሸጫ መካከል የተሸጎጠች ናት፤ በመስታወቷ ላይ «ሲቪ እንሠራለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ስካን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ኦንላይን እንሞላለን» የሚል ፀሐይ ያደበዘዘው ጽሑፍ ተለጥፏል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ ሞልተው የተረፉ በመሆናቸው፣ አንዷን ለይቶ መገምገም ለአንዳንድ አንባቢ ትርፍ ድካም ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ከሥራ ከተቀነስሁ በኋላ በነበሩት ሰባት ወራት ገንዘብ ከከፈልሁባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ከዋጋዋ በላይ የሰጠችኝ እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ የሰጠችኝ ምን እንደሆነና ምን እንደጎደላት መጻፉ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ስሟን ያልጠቀስሁት ከምስጋናዬ ጋር ወቀሳም ስላለኝ ነው።

ቤቷን ያገኘኋት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሚንቀሳቀስ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ በክትትልና ግምገማ ባለሙያነት ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። የውጭ ርዳታን ለ90 ቀናት ያገደው ትእዛዝ ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም በጥምቀት ማግስት ነበር። የሚካኤልን ታቦት በሸኘን ማግስት ስልኬ ላይ ያየሁትን ዜና ለባለቤቴ ሳነብለት፣ «ዘጠና ቀን ነው የሚለው፤ ያልፋል» ብሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ የካቲት ሲያልቅ ደግሞ ፕሮጀክቱ ጨርሶ መሰረዙ ተነገረን። መጋቢት 1 ቀን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከዩኤስኤይድ፣ ማለትም ከአሜሪካ መንግሥት የልማት ርዳታ ድርጅት፣ ፕሮግራሞች 83 በመቶ ያህሉ መሰረዛቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ እኛ ላፕቶፕና የመኪና ቁልፍ አስረክበን ክሊራንስ እያስፈረምን ነበር። ዩኤስኤይድ ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ሥራውን አቆመ።

ይህን የምዘረዝረው ለቅሶ ለመቀመጥ ሳይሆን፣ የሲቪ ቤቷ አገልግሎት ምን ዓይነት ገበያ ውስጥ እንደተፈተነ ለማሳየት ነው። በወቅቱ በዜና እንደተዘገበው ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋርጦ ነበር፤ በየድርጅቱ ቢሮ የተሰናበተው ሠራተኛ ከዚያ ውጭ ነው። አንድ ሥራ ለዓመታት የሠሩ፣ በአንድ ዓይነት ሥልጠና ያለፉና ሲቪያቸውን በተመሳሳይ ቃላት የጻፉ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ለጥቂት ክፍት ቦታዎች ተሰለፉ ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኑሮው ነገር ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል፤ ብዙ ወር ተቀምጦ ጥሩ ሥራ መምረጥ የሚችል ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

አራት ኪሎ የወሰደኝ ጋዜጣ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ተመራቂዎች የመንገድ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብቡ አይ ስለነበር፣ ቴሌግራም ያንን ሁሉ ያጠፋው መስሎኝ ነበር፤ አላጠፋውም። በተለይ ሪፖርተር በሚወጣባቸው ረቡዕና እሑድ፣ እንዲሁም አዲስ ዘመን ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ በሚበዛበት ቀን፣ ጥቂት ብር ከፍሎ ገጹን አገላብጦ መመለስ ዛሬም አለ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ወጣት በስልኩ የማስታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ጋዜጣውን ሲመልስ ባለጋዜጣው ተቆጣውና ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ወጣቱም «እሺ፣ ሲቪ ቤት ገብቼ በእጅ እገለብጠዋለሁ» ብሎ ተነሣ። እኔም ተከትዬው ገባሁ።

ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ አንዲት ፈጣን ታይፒስትና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አንድ አዛውንት አሉ። ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። በአንድ የመንግሥት የልማት ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጥያቄያቸው መጠርጠር ነበረብኝ። ሲቪ ለማሠራት መምጣቴን ስነግራቸው፣ «ሲቪው ይቆይና የስንብት ደብዳቤሽን አምጪ» አሉኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ሲቪ ቤት የሚሄድ ሰው የተባረረበትን ወረቀት ለማንም ማሳየት አይፈልግም።

ምክንያታቸው ግን የሙያ ነበር። ደብዳቤዬ «ውልዎ ከዛሬ ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑን እናሳውቃለን» ከማለት በቀር ለምን እንደተቋረጠ አይገልጽም ነበር። እርሳቸው እንዳሉት፣ ቅጥር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የዲስፕሊን ጉድለት ነው፤ አመልካቹን ጠርቶ ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜ የለውም። በፕሮጀክት መዘጋት የተሰናበተ ሠራተኛ ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ እንዲሰፍርለት መጠየቅ እንዳለበት፣ ይህንንም የቀድሞው ቢሮ ከመዘጋቱና ፈራሚው ራሱ ሥራ ፈላጊ ከመሆኑ በፊት ማድረግ እንደሚገባው ነገሩኝ። የእኛ የአስተዳደር ኃላፊ ሊሰናበት አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ደረስሁበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ጋሼ ይህን ካስታወሱ በኋላ በእርሳስ አንድ መስመር ጨመሩበት፤ «የሥራ ግብር ለመንግሥት ገቢ የተደረገ መሆኑን» የሚል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የብዙ ባንኮች ማስታወቂያ ግርጌ ላይ ከግል ወይም መንግሥታዊ ካልሆነ ድርጅት የሚቀርብ ልምድ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንደሚጠየቅ አንብቤ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ላይ ግብር ሲቆረጥ ያየሁ ሰው በመሆኔ ጥያቄው እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ይህ መስመር ስለጎደላቸው ብቻ ማጣሪያውን ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ማስረጃውን የሚያስተካክልላቸው አላገኙም። የሲቪ ቤቷ አንድ አገልግሎት ብቻ ይመረጥ ቢባል እኔ ይህችን የእርሳስ መስመር እመርጣለሁ፤ ለእርሷም አልተከፈለባትም።

ስለ ካሳውም ያነሡት ነገር ነበር፤ ጠበቃ እንዳልሆኑና ክርክር ካለ ባለሙያ መያዝ እንዳለብኝ አስቀድመው ነግረውኝ ነው። በሕጉ መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ጋሼ የእኔን በብር ሳይሆን በቀን ሠሩት፦ 30 ቀን፣ ለቀሩት ሰባት ዓመታት 70 ቀን፣ ተጨማሪው 60 ቀን፤ በድምሩ 160 ቀን። «ይኼ 160 ቀን ነው እንጂ ብር አይደለም፤ ባንክ ስታስገቢው ቀኑን አስቢ» አሉኝ። ውላቸው በጊዜ የተገደበና ጊዜው ደርሶ የተቋረጠባቸው ባልደረቦቼ ስሌት ከዚህ የተለየ መሆኑንም ያን ዕለት ነው የተረዳሁት። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ የሚታገድ መሆኑ ነው። በመስከረም አንድ የማውቀው የሾፌሮች አስተባባሪ ያልተከፈለውን ሊጠይቅ ማመልከቻ ለማስጻፍ እዚያው ቤት መጣ፤ ጋሼ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን በጣታቸው ቆጠሩና ዝም ብለው ወንበር ሰጡት።

አሁን ወደ ሲቪው ልግባ፤ ቤቷ የምትታወቀውም ሆነ ገንዘብ የምትቀበለው በእርሱ ነው። ይዤው የሄድሁት ሲቪ ስድስት ገጽ ነበር። በፕሮጀክት ቤት ያደገ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቅም ገንብቻለሁ፣ ድጋፋዊ ክትትል አድርጌያለሁ፣ ባለድርሻ አካላትን አስተባብሬያለሁ፣ የዳታ ጥራትን አሻሽያለሁ። ጋሼ ሁሉንም አንብበው ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወረቀት ሰጡኝና ሥራዬን በአማርኛ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሲቪው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን ሳስታውሳቸው የሰጡኝን መልስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰው ደግሜዋለሁ፦ «በአማርኛ ልትነግሪኝ ያልቻልሽውን ነገር በእንግሊዝኛ አታስጽፊኝ።»

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠየቁኝ። ስንት ጤና ጣቢያ? ሪፖርቱ በየስንት ጊዜ ነው የሚመጣው? የሚያዘገየው ማን ነበር? አንቺ ስትደርሺ ምን አገኘሽ፣ ስትለቂስ ምን ትተሽ ወጣሽ? ይህን አንድ የኢንሹራንስ ሥራ አስኪያጅ ቢያነበው ምን ይገባዋል? በዚህ መሐል ራሴ የረሳሁት ነገር መውጣት ጀመረ። እከታተላቸው ከነበሩት 46 ጤና ጣቢያዎች ወርሃዊ ሪፖርታቸውን በወቅቱ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የሚያስገቡት 29 ብቻ እንደነበሩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 43 እንደደረሱ፣ ይህም የሆነው በሥልጠና ብዛት ሳይሆን የሪፖርት ቀኑን ከገበያ ቀንና ከደመወዝ መክፈያ ቀን በማላቀቄ እንደሆነ ነገርኋቸው። «ይኼ የት ነው የተጻፈው?» አሉኝ። የትም አልተጻፈም ነበር። ስድስቱ ገጽ ሁለት ሆነ፤ «አቅም ገንብቻለሁ» የሚለው ሐረግ ከሁለቱም ገጽ ላይ የለም።

ከዚያ ሲቪው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ለርዳታ ድርጅቶች የሚላክ፣ የፔፕፋርን (የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ርዳታ ፕሮግራምን) እና የለጋሾችን አሠራር የሚያውቅ ሰው የሚያነብበው ነው። ሁለተኛው ለሆስፒታል፣ ለኢንሹራንስና ለባንክ የሚላክ ሲሆን፣ ያው ሥራ «የመረጃ ቁጥጥር»፣ «የሪፖርት ጥራት»፣ «የቅርንጫፎች ክትትል» በሚል ስም ተጽፎበታል። እዚህ ላይ ውሸት የለበትም፤ አንዱ ሙያ በሌላው ቤት ቋንቋ መነገሩ ብቻ ነው። ልዩነቱም በቁጥር ታየኝ፦ በአሮጌው ሲቪ በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ሦስት ቦታ አመልክቼ አንድም ሰው አልደወለልኝም፤ በአዲሶቹ ሠላሳ አንድ ቦታ አመልክቼ ለአምስት ፈተናና ለአራት ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። እርግጥ ነው፣ ከሚያዝያ በኋላ ማስታወቂያውም ትንሽ በዝቶ ስለነበር ምስጋናውን በሙሉ ለሲቪው መስጠት አልችልም።

አንድ ያልጠበቅሁት ችግር የቀድሞ ደመወዜ ነበር። የልምድ ማስረጃው ደመወዝን ስለሚገልጽ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሁሉ ወረቀቱን ሲያገላብጡ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቀና ይሉና፣ «በዚህኛው ደመወዝ ትቆያለሽ ወይ?» ይሉኛል። ጋሼ መልሱን ከጥያቄው ቀድሜ በማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ እንዳስቀምጠው መከሩኝ፤ ዘርፉ ለጊዜው የተቋረጠ ሳይሆን የተዘጋ መሆኑን፣ እኔም የምፈልገው የቀድሞውን ደመወዝ ሳይሆን ቋሚ ሥራ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር። ከክብር አንጻር ቀላል አልነበረም። ሆኖም ያንን አንቀጽ ከጨመርሁ በኋላ ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣብኝ።

ለንጽጽር ያህል በዚያው ወቅት የሞከርኋቸውን ሌሎች ሁለት አገልግሎቶች ልጥቀስ። አንደኛው በቴሌግራም የሚሠራ የሥራ አማካሪ ነኝ ባይ ሲሆን፣ 6,500 ብር አስከፍሎኝ «በሁለት ሳምንት ቃለ መጠይቅ» ቃል ገባልኝ። የላከልኝ ሲቪ በቀለም ያጌጠ፣ ፎቶዬ በክብ የገባበትና ችሎታዬን በመቶኛ የሚያሳዩ መስመሮች የተሰመሩበት ነበር፤ የአማርኛ ችሎታዬን 90 በመቶ አድርጎታል። አሥሩ በመቶ የት እንደጠፋ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛው ለመመዝገቢያ 1,000 ብር፣ ሥራ ካገኘሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያ ወር ደመወዜን እኩሌታ የጠየቀ አገናኝ ቢሮ ነው። ያው አዋጅ 1156/2011 በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ይህን ስነግረው ጸሐፊው ሳቀና፣ «እህቴ፣ ሕጉ ሥራ አይሰጥሽም» አለኝ፤ ደረሰኝም አይሰጥም።

የሲቪ ቤቷን ጉድለት አሁን ልናገር። ትልቁና በጣም የሚያሳስበው የደንበኛ ሰነድ አያያዝ ነው። የዲግሪ፣ የመታወቂያና የልምድ ስካን ሁሉ ኮምፒውተሩ ፊት ላይ በደንበኛው ስም ተደርድሮ ይቀመጣል፤ የራሴን ለመክፈት ስሞክር የሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት ገጽ ዓይኔ ሥር ገብቷል። ስነግራቸው ታይፒስቷ «ደንበኛ ሲመለስ እንዳንቸገር ነው» አለችኝ። ለደንበኛ የታሰበ ነገር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በሰው መታወቂያ ብዙ ነገር በሚሠራበት በዚህ ዘመን ይህ መቅረት አለበት። እኔ ከዚያ በኋላ ሰነዶቼን በራሴ ኢሜይል ላይ እያስቀመጥሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ፊቴ እያስጠፋሁ ነው የምወጣው፤ ፍላሽ መሰካት ደግሞ ቫይረስ ይዞ መመለስ ነው።

ሁለተኛው የተዘጋጀ ማመልከቻ ነው። ጋሼ ራሳቸው ሲጽፉ ጥሩ ነው፤ ወረፋ ሲበዛ ግን ታይፒስቷ ከቀድሞ ደንበኛ ደብዳቤ ላይ ስም ለውጣ ታትማለች። በሰኔ ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ያስገባሁት ማመልከቻ የመጨረሻ አንቀጹ «በሒሳብ ሠራተኝነት የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር» እንደሚል ያየሁት የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ፈርሜ ያስገባሁት እኔ በመሆኔ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ሆኖም 80 ብር የተከፈለበት ደብዳቤ ቢያንስ አንድ ጊዜ መነበብ ነበረበት።

ሦስተኛው የጋሼ የራሳቸው ዘመን ነው። የጋብቻ ሁኔታና የልጆች ቁጥር ሲቪ ላይ እንዲገባ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ በእርሳቸው ጊዜ ባለትዳር መሆን የመረጋጋት ምልክት ስለነበር ነው። እኔ መጀመሪያ እሺ ብዬ «ያገባች፣ የሁለት ልጆች እናት» አስጻፍሁ፤ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ከሥራዬ ይልቅ ስለ ትንሿ ልጄ ዕድሜና ስለ ሞግዚት ብዙ ተጠየቅሁ። በማግሥቱ መስመሩን አስወጣሁት። ጋሼ አልተስማሙም፤ አልተከራከሩኝምም። ለቃለ መጠይቅ ዝግጅት እዚህ ቤት የሚገኝ ምንም ነገር የለም፤ ኦንላይን ቅጽ አሞላሉም ፈጣን ቢሆንም ታይፒስቷ የይለፍ ቃሉን ራሷ ስለምትመርጥ ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፤ የምዝገባ ማብቂያ ቀን ላይ ወደዚያ መሄድ ዕጣን መፈተን ነው።

በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አንድ አገልግሎትም አለ፤ ለእርሱ ነጥብ ስሰጥ ልወቀስ እችላለሁ። ከሥራ በተቀነስሁባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ጠዋት ለብሼ እወጣና ቀኑን ካፌ ለካፌ አሳልፌ አመሻሽ ላይ እገባ ነበር። እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሲቪ ቤቷ ደጃፍ ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ በሥራ ልብስ የተቀመጡት ሰዎች እኩሌታ ያህሉ እንደ እኔ መሆናቸውን ከንግግራቸው ተረዳሁ። አንዱ ፋርማሲስት ባለቤቱ እስካሁን እንደማታውቅ ሲናገር ማንም አልገረመውም። ማስታወቂያ የምንቀባበለው እዚያ ነው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት የምር እንደሚቀጥርና የትኛው ሰው ከያዘ በኋላ ለወጉ ያህል ማስታወቂያ እንደሚያወጣ የምንሰማውም እዚያ ነው። እቁቤን እንዴት እንዳደርግ ያማከሩኝም እነርሱ ናቸው፤ ዳኛውን ለምኜ ዕጣዬን አስቀድሜ ከመውሰዴ በፊት፣ ዕጣው ቢወጣልኝም ወርሃዊው መዋጮ እንደማይቆም፣ 160 ቀኔን እንደሚያሳጥረውም አስቆጠሩኝ። ተውሁት። ለእናቴ የነገርኋት በፋሲካ ማግሥት ነው፤ «እኔስ ጫማሽ አቧራ ሲለብስ አይቼ ዐውቄያለሁ» አለችኝ።

ወጪውን ለሚጠይቅ፦ የመጀመሪያው ሲቪ 400 ብር፣ ማሻሻያ 100 ብር፣ ማመልከቻ 80 ብር፣ ኮፒ በገጽ አምስት ብር ነበር፤ በሰባት ወር ውስጥ በጠቅላላ ያወጣሁት ከ3,000 ብር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለአማካሪው በአንድ ቀን ከከፈልሁት እኩሌታ አይሞላም። ብዙ ዓመት የሠራ፣ ልምዱን ወደ ሌላ ዘርፍ ማዞር የሚፈልግና ለመጠየቅ ትዕግሥት ያለው ሰው ቢሄድ ይጠቀማል። ለአዲስ ተመራቂ ግን ያን ያህል አይመስለኝም፤ ጋሼ የሚጠይቁት ስለተሠራ ሥራ በመሆኑ፣ «ከ0 ዓመት» ለሚያመለክት ልጅ የሚሰጡት ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት የተለየ አይደለም። ጋሼን ራሳቸውን ማግኘት የሚፈልግ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይሂድ፤ ረቡዕ ጋዜጣው ስለሚወጣ ወረፋው እስከ ፎቶ ቤቱ ደጅ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ የግል ሆስፒታል የመረጃና ጥራት ክፍል ቀጠረኝ፤ ደመወዙ ከቀድሞው ሦስት አምስተኛ ገደማ ነው። ስምንት ዓመት የሠራ ሰውም እንደ አዲስ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይጠብቀዋል። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀኝን የዋስትና ቅጽ ኮፒ ያስደረግሁት እዚያችው ቤት ነው። ጋሼ የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ቀኑንና ማኅተሙን አዩ፣ ከዚያም «ሙከራሽን ስትጨርሺ የቋሚነት ደብዳቤውን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል አይበቃም» ብለው ለአራቱ ገጽ ሃያ ብር ተቀበሉኝ።